የ16 ዓመት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፦ ኮሌጅ ይግባ ወይስ አሁኑኑ ይፈርም?

የልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ 9ኛ ክፍልን ጨርሶ መጣ። እዚህ ሜሪላንድ ሲመዘገብ እንግሊዝኛው ይጠንክር ተብሎ እንደገና 9ኛ ገባና አሁን 10ኛን ሊጨርስ ነው። ግሪን ካርድ አለው። በሰመር የሚጫወትበትን ቡድን የሚያሠለጥነው ሰው «ኮሌጅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ደመወዝ የሚከፍል አካዳሚ ወይም የውጭ ክለብ አስገባዋለሁ» እያለ የሚፈረም ወረቀት አምጥቷል። አባቱ ደግሞ ዲግሪ ሳይዝ ስለ ኳስ እንዳታወሩኝ ብሏል። ሥራውን የምታውቁ ሰዎች፣ በትክክል ምን ማድረግ አለብን?

መዝገብ ቤት

እህቴ፣ ከገንዘቡም ከኤንቢኤውም በፊት የሚያስቸኩለው የልጅዎ 9ኛ ክፍል ነው። ሁለት ጊዜ መማሩ ቀላል ነገር መስሎ ብዙ ቤተሰብ ያልፈዋል።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምረው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ 9ኛ ክፍል ከገባበት ቀን ነው። አዲስ አበባ ይሁን ሜሪላንድ ለእነሱ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ 10ኛ ቢለውም በኤንሲኤኤ አቆጣጠር ሦስተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ነው። ለዲቪዥን አንድ፣ ማለትም ለኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ የሚጠየቁት 16 ኮር (መሠረታዊ) ኮርሶች ደግሞ በስምንት ሴሚስተር ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው፤ ለልጅዎ ይህ ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2026/27 የትምህርት ዓመት መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የተወሰደ ኮርስ አይቆጠርም። በሰዓቱ ለተመረቀ ልጅ ብቻ አንድ ተጨማሪ ኮርስ ይፈቀዳል። በ2028 ቢመረቅ በመጨረሻው ዓመት የሚማረው እንግሊዝኛና ሒሳብ ለዲፕሎማው እንጂ ለዲቪዥን አንድ አይረባውም።

16ቱ እነዚህ ናቸው፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3 ከአልጀብራ አንድ ጀምሮ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ 2፣ ከነዚህ ከሦስቱ ከአንዱ ተጨማሪ 1፣ ሶሻል ሳይንስ 2፣ ቀሪዎቹ 4 ከነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋ፣ ከፍልስፍናና ከመሳሰሉት። የ16ቱ አማካይ ውጤት ከ4.0 ለዲቪዥን አንድ 2.3፣ ለዲቪዥን ሁለት 2.2 መድረስ አለበት። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2023 ወዲህ አይጠየቅም። አሁን ደግሞ አስቸኳዩ፦ ከ16ቱ 10ሩ ሰባተኛው ሴሚስተር ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። የነዚያ 10 ኮርሶች ውጤት ይቆለፋል፤ ደግሞ ተምሮ ማሻሻል የለም። ሰባተኛው ሴሚስተር ለልጅዎ የሚጀምረው በመጪው የትምህርት ዓመት መግቢያ ነው። ማለትም የቀራችሁ ይህ ሰመር ብቻ ነው።

የአዲስ አበባው ዓመት ግን ዕዳ ብቻ አይደለም። እዚያ የተማረው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ሊቆጠርለት ይችላል። ተመሳሳይ ኮርስ ሁለት ጊዜ ከወሰደ አንዱ ብቻ ነው የሚያዘው። የትምህርት ቤቱ ካውንስለርም እነዚያን ክሬዲቶች ገምግሞ ከ2027 ተመራቂዎች ጋር ሊያስገባው ይችል እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ይህ ከተሳካ ችግሩ በግማሽ ይቀላል።

የሚያሰናክሉ ነገሮችን ልንገርዎት። እያንዳንዱ ሃይስኩል በኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር አለው፤ እዚያ ላይ የሌለ ኮርስ ኤ ቢያመጣበትም አይቆጠርም። ለአዲስ መጤዎች የሚሰጡ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ልጁ በራሱ ፍጥነት የሚጨርሳቸውና አስተማሪ የሌላቸው የኦንላይን ኮርሶችም እንዲሁ፤ በሰመር ከማስመዝገብዎ በፊት ዝርዝሩን ይዩ። ሌላው የእኛው አገር ጣጣ ነው፦ ትራንስክሪፕቱ (የውጤት ሰነዱ) ላይ 2016 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚያነበው ሰው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ 9ኛ ክፍል ተማረ ብሎ ያስቆመዋል፤ የፈረንጅ አቆጣጠሩ ጎን ለጎን እንዲጻፍ ይጠይቁ። የስሙና የአባቱ ስም አጻጻፍም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም።

ይህ ሁሉ ባይሞላስ? ዲቪዥን ሁለት ሙሉ ጊዜ ኮሌጅ እስከሚገባበት ቀን የወሰደውን ይቆጥራል። ሁለት ዓመት የሚፈጀው ጁኒየር ኮሌጅም ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ዲቪዥን አንድ መሻገር የተለመደ ነው። ዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም።

ድራፍት ተከታታይ

«ኮሌጅ ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው አነጋገር ከ2005 በኋላ ጊዜው አልፎበታል። ኬቨን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጀምስ በ2003 ከሃይስኩል ቀጥታ በድራፍት፣ ማለትም የኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ገብተዋል፤ እውነት ነው። ስለነሱ የሚያወራ ሰው ግን ስለ ኮርሊዮን ያንግ አያወራም። እሱም ከሃይስኩል ቀጥታ በ1998 በዲትሮይት 40ኛ ተመርጦ በኤንቢኤ የተጫወተው 3 ጨዋታ ብቻ ነው። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ ተመራጩ በዚያው ዓመት 19 የሚሞላው መሆን አለበት፤ እዚህ አገር ሃይስኩል የጨረሰ ደግሞ አብረውት የተመረቁት ከጨረሱ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ማለፍ አለበት። ከእናንተው ሠፈር ከሮክቪል ሞንትሮዝ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የወጣው ኬቨን ዱራንት አንድ ዓመት ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው በዚህ ደንብ ነው፤ በ2007 ሁለተኛ ተመረጠ።

ስለዚህ ጥያቄው ያንን አንድ ወይም ሁለት ዓመት የት ያሳልፍ የሚል ነው። ገንዘቡን እንቁጠረው።

ድራፍቱ ሁለት ዙር፣ ቢበዛ 60 ሰው ነው፤ ከዓለም ሁሉ ተሰብስቦ። በአንደኛው ዙር የተመረጠ የአራት ዓመት ውል ያገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዋስትና አላቸው፣ ቀሪዎቹ በክለቡ ፈቃድ ናቸው። የዙሩ መጨረሻ 30ኛው እንኳ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። በሁለተኛው ዙር የተመረጠ ግን ምንም የተረጋገጠለት ነገር የለም። ብዙዎቹ የሚያገኙት ቱ ዌይ የሚባለውን ውል ነው፦ በአንድ ክለብ ሦስት ቦታ፣ ከኤንቢኤ ቡድኑ ጋር ቢበዛ 50 ጨዋታ፣ ክፍያው የጀማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ ግማሽ። በ2024-25 ይህ 578,577 ዶላር ነበር። ከዚያ በታች ጂ ሊግ የሚባለው የኤንቢኤ ተጫዋች ማሳደጊያ ሊግ አለ፤ በ2023-24 የውድድር ዘመኑ ደመወዝ 40,500 ዶላር ነበር።

አሁን ኮሌጁን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ መሥራት ተፈቀደላቸው፤ ኤንአይኤል የሚባለው ይህ ነው። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ በቀጥታ መክፈል ይችላል። ለአንድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለሁሉም ስፖርት በድምሩ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ከዚህ 15 በመቶውን ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ይመድባሉ። 3 ሚሊዮን አካባቢ ለ15 ተጫዋቾች ማለት ነው፤ እኩል ባይከፋፈሉትም ከጂ ሊግ ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ግን ምንም ላይከፍሉ ይችላሉ፤ «ዲቪዥን አንድ ነው» መባሉ ብቻውን ገንዘብ አለው ማለት አይደለም።

ውጤቱም እየታየ ነው። ጊዜያቸው ሳይደርስ ለድራፍት የተመዘገቡ ተጫዋቾች በ2021 353 ነበሩ፤ በ2025 106 ብቻ ሆኑ። የ2021ዱ ቁጥር ኮሮና በሰጠው ተጨማሪ የመጫወቻ ዓመት ያበጠ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሃይስኩል የጨረሱ ምርጥ ልጆችን በደመወዝ ይሰበስብ የነበረው የጂ ሊግ ኢግናይት ቡድንም ከ2023-24 በኋላ ተዘግቷል። ጄለን ግሪንንና ስኩት ሄንደርሰንን ያፈራ ቡድን ነበር፤ የኮሌጁ ገንዘብ ሲበልጥ የሚመጣለት ልጅ አጣ።

ከአሌክሳንድሪያ

እኔ በሙሉ አልስማማም። ላሜሎ ቦል ከአውስትራሊያ ሊግ በ2020 3ኛ፣ ጆሽ ጊዲ በ2021 6ኛ፣ አሌክስ ሳር ከፐርዝ በ2024 2ኛ ሆነው ተመርጠዋል፤ ሳር ዛሬ እዚሁ ዋሽንግተን ነው የሚጫወተው። የቶምፕሰን መንትዮችም አትላንታ ካለው ኦቨርታይም ኢሊት ከሚባለው የወጣቶች ሊግ ወጥተው በ2023 4ኛና 5ኛ ሆነዋል። ከትልልቅ ሰዎች ጋር በየሳምንቱ መጋፋት ኮሌጅ የማይሰጠው ትምህርት ነው። ክለብ ውስጥ የሚጠናለት ፈተናም ሆነ የሚቀር ክፍል የለም።

ድራፍት ተከታታይ

እነዚህ ልጆች አውስትራሊያም ሆነ አትላንታ ከመሄዳቸው በፊት የኤንቢኤ ክለቦች ስማቸውን ያውቁ ነበር። ሊጉ እነሱን ፈልጎ ጋበዛቸው። ሳርና ጊዲ ደግሞ በዜግነትም በአስተዳደግም የእዚህ አገር ልጆች አይደሉም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ክለቡ ራሱ ፈልጎ ሲደውልና አንድ አሠልጣኝ «አስገባዋለሁ» ሲል አንድ አይደለም። ኦቨርታይም ኢሊትም ቢሆን ከ2022 ጀምሮ ደመወዝ ሳይቀበሉ በስኮላርሺፕ መጫወትን አማራጭ አድርጓል፤ የኮሌጅ በር እንዳይዘጋ። በዚያ ላይ ልጁ ገና 16 ነው። የፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ደንብ 18 ሳይሞላው አገር ለአገር ዝውውርን ከልዩ ሁኔታ በቀር አይፈቅድም።

እህታችን ደረጃውን የሚያውቁበት ቀላል መንገድ አለ። የዲቪዥን አንድ አሠልጣኞች 10ኛ ክፍል ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ በቀጥታ መደወልና መጻፍ ይፈቀድላቸዋል። በዚያ ሳምንት ስልኩ ላይ ማን እንደጻፈ ይቁጠሩ። ትልልቆቹ ከጻፉ፣ እውነተኛ ምርጫ አላችሁ። መካከለኞቹ ከጻፉ፣ መንገዱ ኮሌጅ ነው። ማንም ካልጻፈ ስለ ፕሮፌሽናል ማውራት ከወዲሁ አይጠቅምም፤ ገና ብዙ ሥራ አለ ማለት ነው።

ስለ ሥራው ካነሳን፣ 1.98 በሃይስኩል ቁመቱ በቅርጫቱ ሥር ያስቆመዋል፤ በኤንቢኤ ግን የጋርድ ወይም የክንፍ፣ ማለትም ከቅርጫቱ ርቀው የሚጫወቱት፣ ቁመት ነው። ትምህርት ቤቱ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ እንዲጫወት ብቻ ካደረገው ለላይኛው ደረጃ የማይጠቅመውን እየተለማመደ ነው። የሃይስኩል የሦስት ነጥብ መስመር 6.02 ሜትር ነው፣ የኮሌጅ 6.75፣ የኤንቢኤ 7.24። ከ6.02 የሚያስቆጥር ልጅ በ73 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ውርወራው ይፈርሳል፤ ኃይል የጎደለው ከትከሻው መግፋት ይጀምራል፣ ክርኑም ይከፈታል። ከአሁኑ መሬት ላይ ቴፕ ለጥፎ በ6.75 ይለማመድ፤ ክርኑ ሲከፈት ግን ወደ ኋላ ይመለስ እንጂ በግድ አይወርውር።

የልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የ9ኛ ክፍሉን ነገር ማንም ነግሮን አያውቅም። ወረቀቱን እንደገና አየሁት፦ ሰውየው ልጁ «ከስፖርትም ከማስታወቂያም ከሚያገኘው ገቢ ሁሉ» ለአምስት ዓመት 15 በመቶ እንዲወስድና ወኪሉ እሱ ብቻ እንዲሆን ይላል። እኛ እንደ ወላጅ እንድንፈርም ቦታ አለው።

ሕግና ሒሳብ

የኔ እህት፣ አትፈርሚ። «እስቲ እናያለን» ብለሽ በቃልም እሺ አትበይ። በኤንሲኤኤ ደንብ ኤጀንት ልጁን እንደ ተጫዋች ለክለብ እንዲሸጥ የተደረገ ስምምነት፣ በጽሑፍም ይሁን በቃል፣ የኮሌጅ መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ለኤንአይኤል ብቻ ወኪል መያዝ የተፈቀደ ነው። ያንቺ ወረቀት ሁለቱን «ከስፖርትም ከማስታወቂያም» ብሎ አንድ ላይ ጠቅልሏል፤ አደጋው እዚያች «ም» ላይ ነው።

መቶኛውንም እይው። በተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ የኤንቢኤ ኤጀንት ከውል ደመወዝ መውሰድ የሚችለው ቢበዛ 4 በመቶ ነው። ከማስታወቂያ ገቢ 15 እና 20 የሚጠይቁ አሉ፤ ከኤንቢኤ ደመወዝ 15 ግን አይፈቀድም። የአምስት ዓመት ብቸኛ ውል ደግሞ ልጁን እስከ 21 ዓመቱ ያስረዋል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብ ሊመጣ የሚችልበት ዘመን በሙሉ ማለት ነው። ወደፊት ለኤንአይኤል ወኪል ካስፈለጋችሁ ውሉ ከአንድ ዓመት አይብለጥ፣ በ30 ቀን ማስታወቂያ የሚፈርስ ይሁን፣ ኮሚሽኑ ወኪሉ ራሱ ካመጣው ሥራ ላይ ብቻ ይታሰብ፣ ገንዘቡም መጀመሪያ በልጁ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ጠበቃው በሰውየው የሚከፈል ሳይሆን እናንተው የምትከፍሉት ይሁን።

ገንዘብ ሲመጣ ታክሱ አብሮ ይመጣል። የኤንአይኤል ክፍያ ብዙውን ጊዜ 1099 በሚባለው የገቢ ፎርም ነው የሚመጣው፤ ማንም ቀንሶ አይሰጥም። 40,000 ዶላር ያገኘ ልጅ ወጪ ከሌለው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ 5,650 ገደማ ይከፍላል፤ የፌዴራልና የስቴቱ የገቢ ግብር ገና አልተነካም። ከእያንዳንዱ ክፍያ 30 በመቶ ለይታችሁ በሌላ ሒሳብ አስቀምጡ፤ በኤፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15 እና በጃንዋሪ 15 በየሩቡ ይከፈላል። ይህንን ሳያውቁ መኪና የገዙበት ልጆች ናቸው በዓመቱ መጨረሻ የሚቸገሩት። ገቢው ፋፍሳ (የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻው) ላይም ይታያል፤ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት እርዳታ የሚጠብቅ ቤተሰብ ቀድሞ ያስላ።

ግሪን ካርድ ስላለው እነዚህ ሁሉ ተከፍተውለታል። ከአገር ቤት የወንድም ወይም የእህት ልጅ በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ ለማምጣት ለምታስቡ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ያ ቪዛ ሥራን በጥብቅ ስለሚገድብ ማስታወቂያ ቀርጾ መከፈል ብቻውን ቪዛውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስኮላርሺፕ መቀበሉ ችግር የለውም፤ ለሌላው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያዩ አንድም ነገር እንዳይቀበል።

መዝገብ ቤት

ለአባትየው አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐሳባቸው ትክክል ነውና። ዲግሪው የሚጠፋው ልጁ ከኮሌጅ ቀድሞ ስለወጣ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ክሬዲቱ ስለሚበተን ነው። አሁን ተጫዋች ያለ ቅጣት በየዓመቱ መዘዋወር ይችላል፤ ሦስት ትምህርት ቤት የቀያየረ ልጅ ግን ሦስተኛው ጋ ሲደርስ የወሰዳቸው ኮርሶች ለተመረጠው የትምህርት ዘርፍ ላይሆኑ ይችላሉ።

ለዲግሪ በተለምዶ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። በመደበኛው ሁለት ሴሚስተር 30፣ በእያንዳንዱ ሰመር 6 እስከ 9 የሚወስድ ተጫዋች ከመጀመሪያው ዓመት በፊት ያለውን ሰመር ጨምሮ በሦስት ዓመት ሊመረቅ ይቃረባል። ስለዚህ ኮሌጁን ሲጎበኙ አሠልጣኙን እነዚህን ይጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፦ ስኮላርሺፑ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የአራት? የሰመር ትምህርት ይከፍላል? ልጁ ቢጎዳ ሕክምናውን እስከ መቼ? በትምህርት ዘርፎች ዝርዝራቸው ላይ ያለው «ኢንጂነሪንግ» ከልምምድ ሰዓት ጋር በእርግጥ ይሄዳል? ከስኮላርሺፕ ተጫዋቾች ጋር አሠልጣኙ በሌለበት ያውሩ።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዲቪዥን አንድ ትምህርት ቤት በስኮላርሺፕ የተጫወተ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከወጣና በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪውን ሊጨርስ ወደዚያው ከተመለሰ፣ የትምህርት ክፍያውንና መጽሐፉን ትምህርት ቤቱ መሸፈን አለበት። ስለዚህ ጥሩ ቢጫወትና በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለድራፍት ቢመዘገብ ዲግሪው አብሮት አይሞትም። በአንደኛው ዓመት ከወጣ ግን ይህ ግዴታ የለባቸውም፤ በአንደኛው ዙር እንደሚመረጥ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለተኛውን ዓመት መቆየቱ ይህንንም ያህል ዋጋ አለው።

መመዝገብ ደግሞ መውጣት አይደለም። ከኤንቢኤ የባለሙያዎች ኮሚቴ ግምገማ ጠይቆ፣ ከክለቦች ጋር ተለማምዶ፣ ኤንሲኤኤ በወሰነው ቀን ስሙን ካነሳ መመለስ ይችላል። ያ ቀን በ2025 ሜይ 28 ነበር። የኤንቢኤው የራሱ የመነሻ ቀን ከዚያ ይዘገያል፤ ሁለቱን ቀን ያምታቱ ልጆች ናቸው ሳያስቡት ከኮሌጅ የሚቀሩት።

የልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወረቀቱን ሳልፈርም እመልሳለሁ። ካውንስለሩን ሰኞ አገኛለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤቱ ታወጣልኛለች። ምን ብላ ትጠይቅ?

መዝገብ ቤት

ሁለት ቅጂ ታውጣ፦ አንዱ በፖስታ ታሽጎ ማኅተሙ መዝጊያው ላይ ያረፈ፣ ሌላው ለእናንተ የሚከፈት። በሁለቱም ላይ የእያንዳንዱ ትምህርት ስም፣ የሁለቱም መንፈቀ ዓመት ውጤት፣ የመማሪያው ቋንቋ፣ 2016 ዓ.ም. ከጎኑም 2023/24፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ይኑር። የ8ኛ ክፍል ካርዱንም ታምጣ፤ 9ኛን የጀመረበትን ቀን ሲጠይቋችሁ የሚያረጋግጠው እሱ ነው።